ጭራ የሌለው ቋጠሮ

ባልና ሚስቱ ሲጣሉ ዕቃ ይበራል። በዚህ ማንም ማንንም አይወቅስም፤ ሁለቱም እኩል እጅ አላቸው። እሷ ጎሚስታ ናት፤ ቀኑን ሙሉ የጭነት መኪና ጎማ ከቸርኬው ስታላቅቅ የምትውል ሴት ክንዷ የዋዛ አይደለም። እሱ አጥር ሠሪ ነው፤ ቋሚ ይተክላል፣ ሽቦ ይወጥራል፣ ሲናደድ ደግሞ መዶሻው የት እንደሚያርፍ እሱም አያውቀው። ያን ጠዋት የበረረው ውሃ የሞላ ባልዲ ነበር፤ ወርዋሪዋም እሷ ናት።

ነገሩን ያመጣው ብስክሌት ነው። ከከተማው ጀርባ ባለው ተራራ ላይ ለሴቶች ብቻ የተራራ ብስክሌት ሥልጠና ካምፕ ተከፍቶ ነበር። አሠልጣኟ የካምፑን ብስክሌቶች ጎማ ለማስጠገን ወደ ሱቋ ስትመላለስ ቆይታ አንድ ቀን፣ «አንቺ ራስሽ ለምን አትመጪም?» አለቻት። ጎሚስታዋን እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው ኖሮ አያውቅም። ሰው ወደ እሷ የሚመጣው ጎማው ሲተነፍስበት ነው፤ ሲነፋለት ዞር ብሎም አያያት። ስለዚህ ሳታወጣ ሳታወርድ እሺ አለች፤ ቀኑን ሙሉም ብቻዋን ፈገግ ስትል ዋለች።

«ማን? አንቺ? ከተራራ ቁልቁል በብስክሌት?» ብሎ ባሏ ትን እስኪለው ሳቀ። «ደረጃ ስትወርጂ ግድግዳ ተደግፈሽ የምትወርጂ ሴትዮ!»

ባልዲው የበረረው ይኼኔ ነው። ደረቱን መታው፤ ውሃው ከጸጉሩ እስከ ካልሲው አራሰው። ተስፈንጥሮ ተነሳና የእጇን አንጓ ይዞ ከተደረደሩት ጎማዎች ጋር አላተማት፤ እሷም ቅርቧ ያገኘችውን ክንዱን ነከሰች። የጎማው ክምር ተናደባቸው። ሁለቱም መሬት ላይ ሆነው ሲያለከልኩ ነው እሱ የሆዱን የዘረገፈው።

«እነዚህ ብስክሌተኞችሽ እኮ ሊያሳብዱኝ ነው! የፍራፍሬ እርሻውን አጥር ስተክል ውዬ በማግስቱ በጎማቸው ጠርምሰውት አገኘዋለሁ። ባለቤቱ የሚጮኸው በማን ላይ ነው? በእኔ! አንዷን ባገኛት አንገቷን ነው የምሰብራት!»

ጎሚስታዋ ይህን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። አንገት መስበር ለባሏ የሰላምታ ያህል ነው፤ ሻይ ቢቀዘቅዝበትም፣ ቧንቧ ቢያንጠባጥብበትም የሚሰበር አንገት አያጣም። እስካሁን የሰበረው ግን የለም።

«በል ተወው፣» አለችው ከንፈሯን እየጠረገች። «እኔ የምሄደው ጎማ ልጠግን ነው። ታች ድንኳኑ ሥር ፓምፕ ይዤ ነው የምውለው። ብስክሌት ላይ ማን ይወጣል ብለህ ነው?»

ለሰላም ብላ የዋሸችው ውሸት ነው። እሱ አመናት፤ ወዲያው ፊቱ ፈታ አለ። የተነከሰ ክንዱን እያሻሸ፣ «እንዲህ አትይኝም ታዲያ! ሥራ ከሆነ ሥራ ነው፣» ብሎ የተናደውን ጎማ መደርደር ጀመረ። እሷም አገዘችው። ጠባቸው ሁልጊዜም የሚያልቀው እንደዚህ ነው።

ካምፑ ተራራው ግርጌ የተተከለ አንድ ትልቅ ድንኳንና ዛፍ ተደግፈው የቆሙ ብስክሌቶች ነበሩ። አሠልጣኟ ድሮ ተወዳዳሪ ነበረች፤ አፍንጫዋ በአንድ ወገን ተጣሟል፣ አገጯ ላይ ደግሞ ትልቅ ጠባሳ አለ። የመጀመሪያውን ቀን መንዳት የሚባል ነገር አላስተማረቻቸውም። መውደቅ ነው ያስተማረቻቸው።

«መውደቅ የማታውቅ ሴት ትፈራለች፣» አለቻቸው። «ስትፈራ የፊት ፍሬኑን ጥርቅም አድርጋ ትይዛለች፤ ከዚያ በአፍጢሟ ትደፋለች። ስለዚህ ዛሬ ትወድቃላችሁ። ብስክሌቱን ልቀቁት፣ አገጫችሁን ወደ ደረታችሁ አስጠጉ፣ በትከሻችሁ ተንከባለሉ። እጁን ዘርግቶ የወደቀ እጁን ይሰብራል!»

ወደቁ። በግራ ወደቁ፣ በቀኝ ወደቁ፤ ክርናቸው ተላጠ፣ ጉልበታቸው ደማ፤ አንዷ ምላሷን ነክሳ ደም ስትተፋ አሠልጣኟ፣ «ጎሽ! አሁን ተነሺና ድገሚው፣» አለቻት። ጎሚስታዋን ይህ ሁሉ ደስ አላት። ደስታዋ እሷኑ ገረማት። ዕድሜ ልኳን ውስጧ ሲንተከተክ የኖረ ነገር፣ ባል ላይና ባልዲ ላይ ብቻ ሲወጣ የነበረ ነገር፣ እዚህ ሜዳ አገኘ።

አንጀቷን ያሳረረቻት አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ኬክ ሠሪዋ። ሊጥ ስታሽ የፈረጠመች፣ አፏ የማያርፍ፣ ሁሉም ቦታ ላይ ልቅደም የምትል ሴት ናት። ኩርባ ሲለማመዱ በውስጥ በኩል ገብታ ጎሚስታዋን በክርኗ ገፋቻትና እሾህ ቁጥቋጦ ውስጥ ከተተቻት። ጎሚስታዋ ከነእሾኋ ወጥታ በጥፊ አጮለቻት። ኬክ ሠሪዋ ሄልሜቷን እንዳጠለቀች በግንባሯ መታቻት። ከዚያ ወዲያ ማን ማንን እንደያዘ አይታወቅም ነበር፤ መሬት ላይ ተያይዘው ሲንከባለሉ አሠልጣኟ የመጠጥ ውሃውን ጀሪካን አምጥታ ላያቸው ላይ ደፋችባቸው። ቅጣታቸው የሁሉንም ብስክሌት አብረው ማጠብ ሆነ።

«እጅሽ ግን መልካም እጅ ነው፣» አለቻት ኬክ ሠሪዋ፣ ያበጠ ጉንጯን በእርጥብ ጨርቅ ይዛ። «ሊጥ ብታሺበት የትና የት በደረስሽ። ጎማ ላይ ባከነ።»

ጎሚስታዋ ሳትፈልግ ሳቀች። ጓደኛ ሆኑ ማለት ይከብዳል፤ ግን ከዚያ ወዲያ ስድባቸው ሳቅ ነበረበት።

በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ትልቁን ቁልቁለት ሊወርዱ ሆነ። መንገዱ ከተራራው አናት ተነስቶ በጫካው ውስጥ እየተጠማዘዘ የፍራፍሬ እርሻውን ጥግ ታክኮ የሚያልፍ ቀጭን መንገድ ነው። አሠልጣኟ ጠዋት ራሷ ወርዳ አይታው ነበር፤ ከአንድ የወደቀ ቅርንጫፍ በቀር ምንም አልነበረበትም። ምሳ በሉና ሁሉም ወደ አናቱ ወጡ። እሷ እዚያው ቆማ አንድ በአንድ ትለቃቸዋለች፤ ፊሽካ ስትነፋ ቀጣይዋ ትወርዳለች። ዕጣ ሲወጣ የመጀመሪያዋ ጎሚስታዋ ሆነች።

ሄልሜቷን አሰረች፤ አንድ እግሯን ፔዳሉ ላይ አደረገች። ከዚያ እጇ ከልማዱ ወርዶ የፊት ጎማውን በአውራ ጣት ተጫነው። ለስለስ ብሏል። ሌላ ሰው ቢሆን ልብም አይለው ነበር፤ እሷ ግን በለሰለሰ ጎማ ከምትወርድ ባዶ እግሯን ብትወርድ ይሻላታል።

«ቆይ፣ ትንሽ ልንፋው፣» ብላ ፓምፕ አነሳች።

«ወይ ጣጣ!» አለች ኬክ ሠሪዋ። «አሠልጣኝ፣ እኔ ልቅደም። እሷ ጎማዋን እሹሩሩ ትበል፤ እኔ ታች ደርሼ እንቅልፌን ተኝቼ እጠብቃታለሁ።»

አሠልጣኟ ጎሚስታዋን አየቻት፤ ጎሚስታዋ፣ «ትሂድ፣ ትሂድ፣ ጆሯችን ይረፍ፣» አለች። ኬክ ሠሪዋ፣ «ከቻልሽ ያዢኝ!» ብላ እየሳቀች ቁልቁል ተወረወረች፤ ሳቋ ከዛፎቹ ኋላ ሲርቅ ይሰማ ነበር።

አሠልጣኟ ጥቂት ጠብቃ ፊሽካዋን ነፋች፤ ጎሚስታዋ ወረደች።

እንዲህ ያለ ነገር ኖሮ አያውቅም ለእሷ። ቆማ፣ ክርኗን ከፍታ፣ ጉልበቷን ለቅቃ፣ ድንጋዩ ከጎማው ሥር እየፈነጠረ፣ ነፋሱ ጆሮዋ ውስጥ እየጮኸ ወረደች። አንዱን ኩርባ ያዘችው፤ ሌላውንም ያዘችው። እርሻው አጠገብ ካለው ኩርባ ስትወጣ ግን መንገዱ ዳር የተገለበጠ ብስክሌት አየች፤ የኋላ ጎማው ገና ይሽከረከራል። ኬክ ሠሪዋ መሬት ላይ በጀርባዋ ተንጋላ እግሮቿን ታራግጣለች። ወድቃ አየኋት ብላ ጎሚስታዋ ልትስቅ ምንም አልቀራት። ወዲያው ከፊቷ፣ አየር ላይ፣ አንድ ቀጭን መስመር ብልጭ አለ።

ሐሳቧ ሳይቀድም ሰውነቷ ወደቀ። ብስክሌቱን ለቀቀችው፤ አገጯ ደረቷ ላይ ተጣበቀ፤ ትከሻዋ የዛፍ ሥር ላይ አርፎ ቀጨጭ ሲል ሰማችው። ብስክሌቱ ከሽቦው ሥር ተንሸራቶ አለፈ። ቀና ስትል ሽቦው ከአናቷ በላይ ከዛፍ ዛፍ ተወጥሮ ቆሟል፤ ብስክሌት ላይ የቆመች ሴት ጉሮሮ የሚደርስበት ልክ ላይ።

ኬክ ሠሪዋ በሁለት እጇ አንገቷን ይዛለች። ፊቷ ጠቁሯል፣ በጣቶቿ መሃል አረፋ የቀላቀለ ደም ይወጣል፤ ከጉሮሮዋ የሚሰማው ድምፅ ቫልቩ የተነቀለ ጎማ የሚያወጣው ዓይነት ፉጨት ነው። ያ ሁሉ አፍ አንዲት ቃል ማውጣት አቃተው።

ከላይ ፊሽካ ተነፋ።

ጎሚስታዋ ዳገቱን እየጮኸች ሮጠች። ሦስተኛዋ የኬሚስትሪ መምህርት ነበረች፤ ነፋሱ ጆሮዋን ደፍኖታል፣ ፍጥነቷም ነፍስ አይምርም። ከኩርባው ስትወጣ ጎሚስታዋ ሌላ መላ አጣችና ዘልላ ተወረወረችባት። መሪው ጎድኗ ላይ ተሰካ፤ ሁለቱም ተያይዘው ከዛፍ ግንድ ጋር ተላተሙ። መምህርቷ የፊት ጥርሷን ከነደሙ ተፍታ በቡጢ ፊቷን አለቻት።

«አብደሻል እንዴ!»

«ሽቦ! ሽቦ አለ! ውጪና አስቁሚያቸው!»

መምህርቷ አሻግራ ሽቦውን አየች፤ ኬክ ሠሪዋንም አየች። እያነከሰች ዳገቱን ሽቅብ ሮጠች።

ጎሚስታዋ ተመልሳ ኬክ ሠሪዋ አጠገብ ተንበረከከች። ምን እንደሚደረግ አታውቅም፤ እጇን ብቻ ያዘችላት፤ ያ ሊጥ ያፈረጠመው እጅ ጣቶቿን ሊሰብራቸው እስኪደርስ ጨመቃቸው። «አለሁ፣» አለቻት። «አለሁልሽ። እየመጡ ነው።» ከላይ የሚሮጥ እግር ሲሰማት፣ ሌላ ሰው እንዳይገባበት ሽቦውን ልትቆርጠው ተነሳችና ከኪሷ ፒንሳ አውጥታ ወደ ዛፉ ተጠጋች።

ቋጠሮውን ያየችው ያኔ ነው።

ሽቦ የሚያስር ሰው ሁሉ ጠምዝዞ ጠምዝዞ ሲጨርስ የሽቦውን ጫፍ ቆርጦ ይተወዋል፤ ያች የቀረች ጭራ ልብስ ትቀዳለች፣ እጅ ትቧጭራለች፤ ማንም ግድ የለውም። በዚህ ሙያ ውስጥ ጭራዋን ወደ ውስጥ አጥፎ በመዶሻ የሚደፈጥጣት አንድ ሰው ብቻ ታውቃለች። እንደተጋቡ ሰሞን የራሱ አጥር ጭራ መዳፏን ሰንጥቋት ነበር። ያን ቀን ደሟን ከመዳፏ እየመጠጠ አለቀሰ፤ ከዚያ ወዲህ ቋጠሮ ላይ ጭራ ትቶ አያውቅም። ይህም ቋጠሮ ጭራ የለውም። በጣቷ ዳሰሰችው፤ ልስልስ ያለ ነው። ሰው እንዳይቧጭር ተጠንቅቆ የተሠራ ቋጠሮ ነው።

ክው አለች።  ከዚያ እጇ ቋጠሮውን ከሽቦው ቆርጦ ኪሷ ከተተው፤ ማዶ ዛፉ ላይ ያለውንም ቆርጣ ቁጥቋጦ ውስጥ ወረወረችው። ሌሎቹ ሲደርሱ መሬት ላይ የወደቀ ተራ ሽቦ ብቻ አገኙ።

«ማነው?» እያለች አሠልጣኟ ጫካው ላይ ጮኸች። «ማነው ይህን ያደረገው? ውጣ! ሰው ከሆንክ ውጣ!» ጫካው ጭጭ አለ። ጎሚስታዋም ጭጭ አለች።

ኬክ ሠሪዋን በድንኳን ሸራ ተሸክመው አወረዷት፤ በአሠልጣኟ መኪና ሆስፒታል አደረሷት። አንድ ሐኪም እጁ እስከ ክርኑ ደም ነክቶት ወጣና ጉሮሮዋ መቀጥቀጡን፣ አንገቷን ቀድደው የመተንፈሻ ቱቦ እንዳስገቡላት፣ ትተርፍ እንደሆነ ግን ገና እንደማይታወቅ ነገራቸው። መምህርቷ በተሰበረ ጥርሷ አለቀሰች። ጎሚስታዋ አላለቀሰችም። ቋጠሮው ኪሷ ውስጥ ጭኗን ይነካታል።

ወደ ቤት በእግሯ ስትሄድ አንድ ነገር ወሰነች። ባሏ ነው፤ ክፉም ደግም የቀመሱት አብረው ነው፤ ይህን እንደ ቆሻሻ ከትከሻዋ አራግፋ መጣል አትችልም። «ሴትዮዋስ?» ብሎ ከጠየቀ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከጠየቀ፣ እጁን ይዛ አብራው ፖሊስ ጣቢያ ትሄዳለች፤ ከጎኑም ትቆማለች። ካልጠየቀስ? ያን ላለማሰብ እርምጃዋን አፈጠነች።

ሱቁ ውስጥ ጎማ ላይ ተቀምጦ ዳቦ በሻይ ይበላ ነበር። ጥሩ ቀን እንደዋለ ፊቱ ይናገራል።

«መጣሽ? ጎማቸው አለቀልሽ?» አላት።

ቋጠሮውን ጭኑ ላይ ጣለችለት። አየው። ማኘኩን አቆመ።

«ይህን ከየት አመጣሽው?»

«አንተ ካሰርክበት።»

«ታዲያ ምን ይሁን?» ብሎ ተነሳ። «ነግሬሽ የለም? ስንት ቋሚ ሰብረውብኛል? ባለቤቱ ሊያባርረኝ ነበር! አንዷ ብትገነደስ ሌሎቹ ልብ ይገዛሉ ብዬ ነው። ደግሞ ምን አፍጠሽ ታዪኛለሽ? ላንቺ ያሰርኩት መሰለሽ? አንቺ እኮ ታች ነኝ ብለሻል!»

«ታች አልነበርኩም።»

«ምን?»

«ታች አልነበርኩም! መጀመሪያ የምወርደው እኔ ነበርኩ!» እጅጌዋን ሰብስባ የተላጠ ክርኗን፣ ኮሌታዋን ጎትታ ያበጠ ትከሻዋን አሳየችው። «ጎማዬ ስለለሰለሰ ነው ሌላዋ የቀደመችኝ! ሽቦህ አናቴ ላይ ነው ያለፈው! የእኔን ጉሮሮ ነበር የምትቆርጠው፣ አንተ አውሬ!»

ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ እግሯ ላይ ወድቆ ጉልበቷን አቀፈ። እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀ አለቀሰ። የውሸት ልቅሶ አልነበረም፤ የሚወዳት ከልቡ ነው፤ ከሁሉ የከፋው ይህ ነው።

«እንኳን አንቺን አላገኘሽ!» ይላል ጉልበቷን እየሳመ። «እንኳን! እንኳን! አንቺ ብትሆኚ ኖሮ ራሴን እሰቅል ነበር!»

እሷ ጠበቀች።

«ማንም አላየኝም፣» አለ አፍንጫውን እየጠረገ። «ቋጠሮውንም አንቺ ካመጣሽው አለቀ። እሳት ውስጥ እጥለዋለሁ፤ ማን ያውቃል?»

አሁንም ጠበቀች። «ሌላ የምትለው የለህም?» አለችው። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

ቀና ብሎ በእንባ ዓይን አያት። «አለኝ። ሁለተኛ አልዋሽህም በይኝ። በውሸትሽ ልትገድዪኝ ነበር እኮ።»

ዓይኗ ደም ለበሰ። ቋጠሮውን ልትቀማው ስትዘረጋ ጨበጠው፤ ስትታገለው ገፍትሮ ከግድግዳው ጋር አጋጫት፤ የቆሰለ ትከሻዋ ሲመታ ዓለም ጨለመባት። እጇ የጎማ ማውለቂያውን ብረት አገኘ። የጨበጠውን እጁን በብረቱ መታችው፤ አጥንት ሲሰበር ሁለቱም ሰሙት። ሲጮህ፣ ሲንከባለል፣ ቋጠሮውን ከመሬት አነሳች፣ ወጣች፣ የሱቁን ተጠቅላይ የብረት በር ቁልቁል ጎትታ ዘጋችበትና ጓጉንቸሩን ቆለፈች። ከዚያ በሩን በጀርባዋ ተደግፋ ተቀመጠች። እሱ ከውስጥ በሩን ይረግጣል፤ እያንዳንዱ እርግጫ አከርካሪዋ ድረስ ይሰማታል።

ከጎን ሱቅ ያሉት ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳጠለቁ ብቅ አሉ። «ዛሬ ደግሞ ምን አጥፍቶ ነው የታሰረው?» አሉ እየሳቁ።

«ጋሼ፣ ፖሊስ ይጥሩልኝ።»

«ለናንተ ጠብ ፖሊስ? ተዪ ልጄ፣ ትንሽ ቆይቶ ይበርድለታል። እናንተን ገብቶ ያስታረቀ ሰው ነው የሚጎዳው።»

«ጋሼ!» ቋጠሮውን ደምና ላብ በነካው መዳፏ ዘርግታ አሳየቻቸው። «ተራራው ላይ ሴት በምትወርድበት መንገድ፣ በአንገቷ ልክ ሽቦ ወጥሮ መጥቷል። ጉሮሮዋን ቀጥቅጦታል። ያሰረበት ይኸው ነው።»

የሽማግሌው ሳቅ ከፊታቸው ላይ ጠፋ። ቋጠሮውን አዩ፤ እሷን አዩ፤ ከዚያ ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

እርግጫው ቆመ። ከበሩ ኋላ ትንፋሽ ተሰማት፤ እሱም እንደ እሷ መሬት ላይ ሳይቀመጥ አልቀረም፤ ድምፁ በጆሮዋ ልክ ነው የመጣው።

«ሴትዮዋ...» አለ በሹክሹክታ። «ሴትዮዋ ሞተች እንዴ?»

መንገዱን ሁሉ ስትለምን የመጣችው ጥያቄ ናት። አሁን የጠየቀው ግን ስለ ሴትዮዋ ብሎ አይደለም፤ ስለ ራሱ ነው። አልመለሰችለትም። ልብስ ሰፊው ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረጉላት። ፖሊሶቹ የወንጀለኛውን ስም ጠየቋት፤ ሙሉ ስሙን ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ተናገረች። ምንሽ ነው አሏት።

«ባሌ ነው፣» አለች።